ስኮላርሺፕ የማይባለው ገንዘብ

ባለፈው እትም አካል ጉዳት ላለባቸው ተማሪዎች ስለሚሰጥ የትምህርት እርዳታ ሁለት መስመር ብቻ ጣል አድርጌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። በቫይበርም በዋትስአፕም ተጠየቅኩ፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሻይ ይዤ ቆሜ እንኳ አልቀረልኝም። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ ሙሉውን ለዚሁ ነው። አብዛኛው ደብዳቤ የመጣው ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ስለሆነ መልሱም ወደዚያው ያደላል። ሌላ ስቴት ያላችሁ፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም ይለያል እንጂ ዋናው አሠራር ያው ነው።

ጥያቄ፦ «ልጄ 17 ዓመቱ ነው። ሲወለድ ጀምሮ ዐይኑ ችግር አለበት፤ አሁን የሚማረው በብሬልና በኮምፒውተር ድምፅ ነው። በመጪው ጁን ሃይስኩል ይጨርሳል፣ ዲፕሎማም ይቀበላል። ኮምፒውተር መማር ነው የሚፈልገው። እኔ የአረጋውያን ቤት ማታ ማታ እሠራለሁ፣ እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያገኘነውን ስኮላርሺፕ ሁሉ ስንሞላ ከረምን፤ አንድም መልስ የለም። የቱ ጋ ነው የተሳሳትነው? እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ»

መልስ፦ እናቴ፣ አልተሳሳታችሁም። መጨረሻ ላይ የሚሠራውን ሥራ ነው መጀመሪያ የሠራችሁት።

እኔም እንደዚሁ ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ መስማት የተሳነው ነው፤ ወደዚህ አገር ሲመጣ 19 ዓመቱ ነበር። በአንድ ክረምት ሠላሳ ምናምን ፎርም ሞላሁለት። አንዱ ድርሰት ይላል፣ አንዱ የአስተማሪ ደብዳቤ ይላል፣ አንዱ ደግሞ «አምስት ዓመት ቆይተህ ራስህን የት ታያለህ» ይላል። በስተመጨረሻ ያገኘነው 500 ዶላር ነበር። ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንዲት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ «የስቴቱ ሪሃብ ቢሮስ ምን አላችሁ?» አለችኝ። የምን ቢሮ? ስሙንም ሰምቼው አላውቅም። ስንሄድ ጊዜው አልፎ ነበርና የመጀመሪያው ዓመት ወጪ ከኪሳችን ወጣ።

ሰውን የሚያሳስተው ስኮላርሺፕ የሚለው ቃል ነው። አካል ጉዳት ላለበት ተማሪ እዚህ አገር ትልቁ ገንዘብ በዚያ ስም አይጠራም። የሚገኘው በእያንዳንዱ ስቴት ባለው ቮኬሽናል ሪሃቢሊቴሽን በሚባል ቢሮ ነው። ከ1973 የሪሃቢሊቴሽን ሕግ ጋር የተያያዘ ሥራ ነው፤ ዓላማው ሰውየውን ሥራ ማስያዝ ነው። በሜሪላንድ ዶርስ ይሉታል፣ ለዐይነ ስውራንም ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ልጅዎ የያዘው የሥራ ዕቅድ ትምህርት የሚጠይቅ ከሆነ ቢሮው የኮሌጅ ክፍያ፣ መጻሕፍት፣ ስክሪን የሚያነብ ሶፍትዌር፣ በነጭ ዘንግ የመንቀሳቀስ ሥልጠና፣ አንዳንዴም ትራንስፖርት ሊሸፍን ይችላል። «ይችላል» ነው ያልኩት። ሁሉም የሚወሰነው ከካውንስለሩ ጋር በሚፈራረሙት የግል የሥራ ዕቅድ ነው። ዕቅዱ ሳይፈረም የተጀመረ ትምህርት ደግሞ አይከፈልበትም። እኛን የበላን ይቺ ናት።

አሁን ቀኑን እንቁጠረው። ካመለከቱ በኋላ ቢሮው ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን ለመወሰን 60 ቀን አለው። ከዚያ ዕቅዱን ለመጨረስ ሌላ 90 ቀን። ድምሩ 150 ቀን፣ አምስት ወር መሆኑ ነው። ኮሌጅ ኦገስት መጨረሻ ከተከፈተ ማርች ማለቂያ ላይ ማመልከት ማለት በጠርዙ መሄድ ነው። በዚያ ላይ ደግሞ የወረፋ ነገር አለ፦ ገንዘብ ሲያጥር ጉዳቱ የከበደው ሰው ይቀድማል፣ ሌላው ይጠብቃል። ስለዚህ ዛሬውኑ ያመልክቱ። እንዲያውም ለሃይስኩል ልጆች ለሥራ የሚያዘጋጅ አገልግሎት በብዙ ስቴት ከ14 ዓመት ጀምሮ አለ፤ ታናናሽ ልጆች ያላችሁ ይህን ልብ በሉ።

ሁለተኛው ነገር ልጅዎ 18 ሲሞላው ነው። ምናልባት ትንሽ እያለ ኤስኤስአይ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኛ ሶሻል ሴኩሪቲ በየወሩ የሚሰጠው ገንዘብ) አመልክተው «የወላጅ ገቢ በዛ» ተብለው ይሆናል። ከ18 በኋላ የወላጅ ገቢ አይቆጠርበትም፤ የሚታየው የራሱ ነው። ስለዚህ እንደገና ያመልክቱ። (የኢሚግሬሽን ጥያቄ አለበት፤ ግሪን ካርድ ብቻውን ላይበቃ ስለሚችል ዜግነት ያልወሰደ ልጅ አስቀድሞ ያጣራ።) ይህ ለምን አስፈለገ? ኤስኤስአይ ያለው ሰው ዶርስ ሲሄድ ጉዳቱን እንደገና አስረዳ አይባልም፣ ይገባዋል ተብሎ ነው የሚገባው፤ ከኪስህ አዋጣም አይባልም። ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ ኤስኤስአይ ወይም ኤስኤስዲአይ (ሠርቶ ታክስ ለከፈለ ሰው የሚሰጠው የአካል ጉዳት ክፍያ) የሚያገኝ ነዋሪ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከትዩሽን ነፃ የሚሆንበት ሕግ አለ። ወደ ሥራ የሚያደርስ ዲግሪ ወይም ሰርተፊኬት የሚማር ከሆነ በሴሚስተር እስከ 12 ክሬዲት ድረስ ነው፣ ክፍሉ ቦታ ካለው። ፊ የሚሉት ልዩ ልዩ ክፍያና መጽሐፍ ግን አይነካም። ስንት አበሻ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ከፍሎ የተማረ አለ ይህን ሳያውቅ! ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ገብተው በስሙ ካልጠየቁ ማንም ተነስቶ አይነግርዎትም።

ሦስተኛው ፋፍሳ ነው፤ የመንግሥት የኮሌጅ እርዳታ የሚጠየቅበት ፎርም ማለት ነው። ይህን ፎርም አንዳንድ ቤተሰብ «አካል ጉዳት አለበት፣ ለሱ ሌላ ይኖራል» ብሎ ይተወዋል። አይተው። ከላይ ያልኩት ነፃ ትዩሽንም ሆነ ዶርስ መጀመሪያ የሚጠይቁት ፋፍሳ ሞልተሃል ወይ ብለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል፤ ሜሪላንድ ለስቴቱ እርዳታ የምትቆርጠው የመጨረሻ ቀን ብዙውን ጊዜ ማርች 1 ነው። የማይመለሰው የፌዴራል እርዳታ፣ ፔል ግራንት፣ ለ2025–26 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው። መልሱ ሲመጣ ግን በደንብ ይነበብ፤ እርዳታና ብድር አንድ ገጽ ላይ ተደርድረው ስለሚመጡ ብድሩን ስጦታ መስሎት የተቀበለ ብዙ ነው።

ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ወደ ስኮላርሺፑ ይመለሱ። ለልጅዎ መጀመሪያ የማየው የአሜሪካ ዐይነ ስውራን ብሔራዊ ፌዴሬሽንን ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ባልቲሞር ነው። ሰሞኑን ባሉት ዓመታት በየዓመቱ ለ30 ተማሪዎች 8,000 ዶላር ሲሰጥ ቆይቷል። ማመልከቻው ኖቬምበር ተከፍቶ ማርች 31 ይዘጋል። በሕግ ዐይነ ስውር የሚባለው ደረጃ ላይ መሆን አለበት። ያሸነፉት በበጋው ትልቅ ስብሰባ ላይ ይገኛሉ፤ እውነቱን ልንገርዎ፣ ለሱ ዕድሜ ልጅ ከገንዘቡ ይልቅ ያ ስብሰባ ነው የሚጠቅመው። በዘንግ የሚሄዱ ጠበቆችና የኮምፒውተር ሰዎች አዳራሽ ሙሉ ሆነው ያያቸዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ወረቀት። እኔ አንድ ብርቱካናማ ፋይል አለኝ፣ ጠርዙ ላይ የቡና ፍንጣሪ አለበት። ውስጡ የሐኪሙ የቅርብ ጊዜ ሪፖርት፣ የትምህርት ቤቱ አይኢፒ (የልዩ ትምህርት ተማሪ የግል የትምህርት ዕቅድ)፣ ሶሻል ሴኩሪቲ የላከው ደብዳቤ፣ ከየቢሮው ማንን መቼ እንዳነጋገርኩ የጻፍኩበት ደብተር አለ። ለልጅዎም ይሥሩለት። በሚቀጥለው የአይኢፒ ስብሰባ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ይበሉ፤ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። ልጁ እንዲያስተረጉም አያድርጉ፤ ልጅ ስለ ራሱ የተነገረውን መጥፎ ነገር አይተረጉምም። የዶርስ ካውንስለርም እንዲጠራ ይጠይቁ። ያላነበቡትን ደግሞ አይፈርሙ፣ «ቤት ወስጄ አይቼው እመለሳለሁ» ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ «ልጃችን ዳውን ሲንድሮም አለባት፣ 20 ዓመቷ ነው። የምትቀበለው ሰርተፊኬት እንጂ ዲፕሎማ አይደለም ተባልን። ኮሌጅ የሚባል ነገር አበቃ ማለት ነው? ደግሞ ኤስኤስአይ ስለምታገኝ፣ እርዳታ ካገኘች ይቆርጡባታል ብላ ባለቤቴ ትሰጋለች። አባት፣ ከፌርፋክስ»

መልስ፦ ወንድሜ፣ አላበቃም። መጀመሪያ ግን አትቸኩሉ። በቨርጂኒያ መደበኛ ዲፕሎማ ያልወሰደ ልዩ ትምህርት የሚያገኝ ልጅ እስከ 21 ዓመቱ ድረስ (21ን ጨምሮ) በትምህርት ቤቱ ሊቆይ ይችላል፣ ያውም በነፃ።

ኮሌጅን በተመለከተ በ2008 የወጣ ሕግ አለ። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ተማሪዎች ተብሎ የተዘጋጀና የፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት የፈቀደው ፕሮግራም ውስጥ ከገባች፣ ዲፕሎማ ባይኖራትም ፔል ግራንት ማግኘት ትችላለች። ብድር ግን አይሰጥም፣ እሱም ይቅር። እናንተ ከተማ ውስጥ ያለው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ሜሰን ላይፍ የሚባል ለእንደዚህ ዓይነት ተማሪዎች የተቋቋመ ፕሮግራም አለው፤ ሄዳችሁ ጎብኙት። ርካሽ አይደለም። ስለዚህ ስትጠይቁ «ፔል ይቀበላል ወይ፣ ዳርስ ይከፍላል ወይ» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ዳርስ የቨርጂኒያው ሪሃብ ቢሮ ነው። በመላ አገሪቱ ያሉትን ለማየት ቲንክ ኮሌጅ የሚባል ማውጫ አለ፤ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ቦስተን ነው የሚዘጋጀው።

የባለቤትህ ስጋት ተገቢ ነው፣ ግን በተሳሳተ ቦታ ላይ ነው ያለው። ፔል ግራንትን ኤስኤስአይ አይቆጥረውም። ሌላ ስኮላርሺፕም ለትዩሽን፣ ለመጽሐፍና ለመሳሰሉት እስከዋለ ድረስ አይቆጠርም፤ ለቤት ኪራይ የዋለው ግን ይቆጠራል። ለትምህርት ተብሎ ሳይወጣ የተቀመጠውም ለዘጠኝ ወር አይቆጠርም። ደረሰኝ ያዙ። ከ22 ዓመት በታች ሆና እየተማረች ብትሠራም ደመወዟ እስከ ተወሰነ ልክ ድረስ ከቁጥር ውጭ ነው፤ ልኩ በ2025 በወር 2,350 ዶላር፣ በዓመት 9,460 ዶላር ነበር።

እኔን የሚያስፈራኝ የምርቃት ድግሱ ነው። አበሻ ባዶ እጁን አይመጣም። አጎት ፖስታ ይሰጣል፣ የማኅበሩ ሰዎች ፖስታ ይሰጣሉ፣ ክርስትና እናት ደግሞ ወፈር ያለ ፖስታ ትሰጣለች። ያን ሁሉ ሰብስባችሁ በልጅቷ ስም ባንክ ስታስገቡ 3,000 ዶላር ይሆናል። ኤስኤስአይ ደግሞ በእጅ ላይ ከ2,000 ዶላር በላይ አይወድም። በሚቀጥለው ወር ደብዳቤ ይመጣል። መላው ኤብል የሚባለው፣ ለአካል ጉዳተኛ የሚከፈት የቁጠባ አካውንት ነው። ቨርጂኒያ የራሷ አላት፣ ኤብልናው ይባላል። እዚያ ውስጥ ያለ ገንዘብ እስከ 100,000 ዶላር ድረስ ለኤስኤስአይ አይቆጠርም፣ ለትምህርትም ይውላል። ከድግሱ በፊት ክፈቱት፤ ለዘመድም «በዚህ አስገቡላት» በሉ። ድሮ ጉዳቱ 26 ዓመት ሳይሞላው የጀመረ ሰው ብቻ ነበር የሚከፍተው፤ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ወደ 46 ከፍ ብሏል።

ጥያቄ፦ «38 ዓመቴ ነው። ስድስት ዓመት ኡበር ነዳሁ። ባለፈው ዓመት በስኳር ምክንያት ቀኝ እግሬ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ቁጭ ብዬ የምሠራው ነገር ልማር ብዬ የሜዲካል ኮዲንግ ትምህርት ቤት አገኘሁ። ቦታ እንድይዝ ግማሹን ክፈል አሉኝ። ዕድሜዬስ ለስኮላርሺፕ አላለፈም? ከአሌክሳንድሪያ»

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናህ ወንድሜ። እባክህ አትክፈል። ቢያንስ ዳርስን ሳታነጋግር አትክፈል። ከላይ እንዳልኩት ዕቅዱ ሳይፈረም የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም። «ዛሬ ካልከፈልክ ቦታው ያልቃል» የሚል ትምህርት ቤትን እኔ በበኩሌ አላምነውም። ከተመረቁት ስንቱ ሥራ እንዳገኘ ጠይቃቸው፣ ፊታቸውን እየው።

ዕድሜ አላለፈም። ለሪሃብ ቢሮ 38 ዓመት ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ሠርተህ ታክስ ስለከፈልክ ኤስኤስዲአይ ይገባህ እንደሆነ አጣራ፣ ከተፈቀደልህ የዳርስ ነገርም ይቀልልሃል። ፍሸርስቪል የሚባል ቦታ ቨርጂኒያ ስቴቱ የሚያስተዳድረው ዊልሰን የሚባል የሙያ ማሠልጠኛና ማገገሚያ ማዕከል አለ። እዚያው እያደሩ የሚማሩበት ነው። ከናንተ ከሁለት ሰዓት በላይ ይነዳል፣ ቤተሰብ ላለው ይከብዳል፣ ግን እንዳለ እወቅ።

አንድ ልጨምርልህ። ኮዲንግ ወደህ ነው ወይስ መንዳት አበቃ ብለህ ነው? መንዳት አላበቃም። ቀኝ እግር ለሌለው ሰው ነዳጁ በግራ እግር እንዲረገጥ ተደርጎ የሚገጠም መሣሪያ አለ። ሥራህ የሚጠይቀው ከሆነ የመኪና ማስተካከያ ሪሃብ ቢሮ ሊሸፍናቸው ከሚችላቸው ነገሮች ውስጥ ነው። ካውንስለሩ ዘንድ ስትቀርብ «ምን ታስተምሩኛላችሁ» ብለህ አትግባ፤ ይህን ሥራ መሥራት እፈልጋለሁ፣ ለዚህ ይህ ያስፈልገኛል ብለህ ግባ። ምርጫው ያንተ እንዲሆን ሕጉ ራሱ ይላል።

ጥያቄ፦ «ሃይ! 12ኛ ክፍል ነኝ። ዲስሌክሲያ (የማንበብ ችግር) አለብኝ፣ ኤዲኤችዲም (ትኩረት የመሰብሰብ ችግር)። ቤታችን ውስጥ ይህ አይወራም፣ እማዬ ‹ሰነፍ ናት ይሉሻል› ትለኛለች። ኮሌጅ ሳልናገር ብገባስ? ስኮላርሺፕ ድርሰት ላይስ ልጻፈው ወይስ ልተወው? ከዲሲ»

መልስ፦ የኔ ቆንጆ፣ ሳትናገሪ መግባት ትችያለሽ። ግን ሃይስኩል እያለሽ ትምህርት ቤቱ ነበር አንቺን የሚፈልግሽ፤ ኮሌጅ ውስጥ አንቺ ነሽ ቢሮውን የምትፈልጊው። ካልተናገርሽ ተጨማሪ የፈተና ሰዓት የለም፣ በድምፅ የሚነበብ መጽሐፍ የለም። የምትናገሪው ደግሞ ለአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ቢሮ ብቻ ነው። ትራንስክሪፕትሽ ላይ አይጻፍም፣ ለእማዬ ጎረቤትም አይደርስም። አሁኑኑ ግን ትምህርት ቤትሽ ምርመራሽን እንዲያድስልሽ ጠይቂ። የቆየ ወረቀት ኮሌጅ ላይቀበል ይችላል፣ በግል ማስመርመር ደግሞ ውድ ነው።

ሀበን ግርማን ታውቂያታለሽ? ከኤርትራ በስደት ከመጣች እናት የተወለደች፣ ማየትም መስማትም የተሳናት፣ በ2013 ከሐርቫርድ ሕግ ትምህርት ቤት የተመረቀች ጠበቃ ናት። እሷ ኮሌጅ እያለች የተሟገተችው ለምሳ ነው። የካፍቴሪያው የምግብ ዝርዝር ማንበብ በምትችለው መንገድ ይላክልኝ ብላ። አንቺ የምትጠይቂው ተጨማሪ ሰዓት ከዚያ አይበልጥም።

ድርሰቱ ላይ፣ ለአካል ጉዳት የተሰጠ ስኮላርሺፕ ከሆነ መጻፍሽ የግድ ነው። ችግሩ እንዴት እንደሚጻፍ ነው። እኛ አበሾች እርዳታ ስንጠይቅ ደጀ ሰላም የቆምን ይመስል «ስለ እመቤቴ» ዓይነት ድምፅ እናወጣለን። «በሕይወቴ ብዙ ተሠቃይቻለሁ፣ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም» የሚል አንድ ሺህ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አለ። አንቺ እንዲህ ብለሽ ጀምሪ፦ «የኬሚስትሪ መጽሐፌን አውቶቡስ ላይ በጆሮዬ ነው ያነበብኩት፤ ምዕራፍ 6ን አራት ጊዜ ሰማሁት።» አንባቢው ወዲያው ያይሻል። የመማር ችግር ላለባቸው የተቋቋመው ብሔራዊ ማዕከል የሚሰጣቸውንም ስኮላርሺፖች ተመልከቺ። አንዱ፣ በአሌግራ ፎርድ ቶማስ ስም የሚጠራው፣ ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅና ለሙያ ሥልጠና ለሚገቡ ተማሪዎች ነው፤ ስኮላርሺፕ ለአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ብቻ አይደለም። ለማመልከት ገንዘብ የሚያስከፍል ስኮላርሺፕ ካየሽ ግን ዝጊው።

ጥያቄ፦ «የአጎቴ ልጅ አዲስ አበባ ናት፣ በዊልቸር ነው የምትንቀሳቀሰው። እዚህ ያለው እርዳታ ለሷም ይሠራል? ከሲያትል»

መልስ፦ ፋፍሳም ሪሃብ ቢሮም እዚያ ላለ ሰው አይሆኑም። በተማሪ ቪዛ ከመጣች ግን ራምፑ፣ ሊፍቱ፣ የፈተና ሰዓቱ እንደማንኛውም ተማሪ ይገባታል፤ ለዚያ ዜግነት አይጠየቅም። አገር ቤት ደግሞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሚያካሂደው የአሥር ዓመት ፕሮግራም አለ። ትኩረቱ አካል ጉዳትና ተሐድሶ ነው፣ ስኮላርሺፕም አለው። አሥር ዓመቱ እያለቀ ስለሆነ አሁንም ተማሪ ይቀበሉ እንደሆነ ራሷ ደውላ ትጠይቃቸው።